ዶክተር ሳቢን እና የሁለት ጠብታ ታሪክ

ቤት ለቤት የሚዞሩ ክትባት ሰጪዎች በርዎን ሲያንኳኩ ምን ይሰማዎታል? ልጄ በክትባት ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ጨርሷል፤ ደግሞ ምን አመጣቸው ብለው ያስቡ ይሆናል። በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ከወላጆች በየጊዜው የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይኸው ነው። አንዳንዶች ደግሞ የፖሊዮ ጠብታ ውስጥ ያለው ቫይረስ ራሱ ተለውጦ በሽታ ያመጣል ሲባል ሰምተው፣ ሥጋት ገብቷቸው ይመጣሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። መልሳቸው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ ጠብታውን የሠሩትን የዶክተር አልበርት ሳቢንን ሕይወት ላጫውትዎ ወድጃለሁ። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን በሽታውን እናስታውስ። ፖሊዮ ወይም በአገራችን አጠራር የልጅነት ልምሻ በቫይረስ የሚመጣ ነው። ቫይረሱ በአፍ ይገባል፤ በአንጀት ውስጥ ይራባል፤ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣና በተበከለ ውኃ፣ ምግብና እጅ አማካይነት ወደ ሌላው ሰው ይተላለፋል። ከተያዙት ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ምልክት አይታይባቸውም። ከ200 አንዱ ላይ ግን ቫይረሱ ከአንጀት አልፎ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉትን እንቅስቃሴ የሚያዙ ነርቮች ያጠቃና እግር ወይም እጅ እስከ ወዲያኛው ይሰልላል። እንዲህ ከሰለሉት መካከል ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት የመተንፈሻ ጡንቻቸው ስለሚዝል ሕይወታቸው ያልፋል። የሚያድን መድኃኒት ዛሬም የለም። ያለን መከላከያው ብቻ ነው።

ከቢያሊስቶክ እስከ ኒውዮርክ

አልበርት ሳቢን በ1906 በቢያሊስቶክ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ከተማዋ ያኔ በሩሲያ ዛር ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ በፖላንድ ትገኛለች። በአይሁዶች ላይ የሚደርሰው ጥቃትና ድህነት ቤተሰቡን አሰደደውና በ1921 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኒው ጀርዚ ግዛት ፓተርሰን በተባለች ከተማ ሰፈሩ። ወጣቱ ሳቢን ያኔ 15 ዓመት ገደማው ነበር፤ እንግሊዝኛውን የተማረው እዚያው ከደረሰ በኋላ ነው።

የጥርስ ሐኪም የሆኑ አጎት የትምህርቱን ወጪ ሊሸፍኑለት ቃል ገቡ፤ እሱም የእሳቸውን ሙያ እንዲከተል ነበር ፍላጎታቸው። ሳቢን በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ጀመረ። በመካከሉ ግን ስለ ጀርም ተመራማሪዎች ሕይወት የሚተርክ አንድ መጽሐፍ እጁ ገባና ልቡ ወደዚያው ሸፈተ። የጥርስ ሕክምናውን ትቶ ወደ ሕክምና ተዛወረ። የአጎቱ ድጋፍ በዚያው ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን የቀጠለው በነፃ ትምህርት ዕድልና የተገኘውን ሥራ ሁሉ እየሠራ ነው።

በ1931 ዶክተር ሳቢን በሕክምና ዶክትሬት በተመረቁበት ዓመት በኒውዮርክ ከተማ የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሣ። በዚያን ዘመን ክረምታችን በሚሆንበት ወቅት የአሜሪካ ወላጆች ልጆቻቸውን ከመዋኛና ከሲኒማ ቤት ያሸሹ ነበር። መተንፈስ ያቃታቸው ሕፃናት የብረት ሳንባ በሚባል ትልቅ ሲሊንደር ውስጥ ተኝተው ወራት ያሳልፋሉ። አዲሱ ሐኪም ምርምራቸውን በዚህ በሽታ ላይ ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላም ጨርሶ አልለቀቃቸውም።

ቫይረሱ የት ነው የሚኖረው?

ከኒውዮርክ ቀጥሎ በለንደን ሊስተር ተቋም ሠሩ፤ ተመልሰውም በሮክፌለር ተቋም ገቡ። በ1936 ከባልደረባቸው ከፒተር ኦሊትስኪ ጋር ያደረጉት ሙከራ የፖሊዮ ቫይረስ የሚያድገው በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ብቻ ነው የሚል መደምደሚያ ሰጠ። ይህ ስሕተት ነበር። ሙከራ ላይ የዋለው የቫይረስ ዝርያ ለዓመታት በዝንጀሮ አንጎል ውስጥ እየተላለፈ የቆየ በመሆኑ ጠባዩ ተለውጦ ነበር። ልብ ይበሉ፤ ቫይረስ ባለበት የማይቆም፣ እንደሚኖርበት ቦታ የሚለወጥ ነገር መሆኑን ዶክተር ሳቢን ገና በማለዳው አይተውታል።

በ1939 ወደ ኦሃዮ ግዛት ሲንሲናቲ ሕፃናት ሆስፒታል ተዛወሩ። እዚያም በፖሊዮ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን ከባልደረባቸው ጋር በጥንቃቄ ሲመረምሩ ቫይረሱን በብዛት ያገኙት በአንጀት ውስጥ ነው። በዚህም የራሳቸውን የቀድሞ መደምደሚያ ራሳቸው አፈረሱት። ይህ ግኝት ለእርስዎም ለእኔም ዛሬ ድረስ የሚጠቅም ነው፤ በሽታው በአፍ ገብቶ በአንጀት የሚኖር ከሆነ፣ በሩን መዝጋት የሚቻለውም እዚያው አንጀት ላይ ነው ማለት ነውና።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥራውን አቋረጠው። በጦርነቱ ዓመታት የአሜሪካ ጦር ሐኪም ሆነው በአሸዋ ዝንብ በሚተላለፈው ትኩሳት፣ በደንጊ ትኩሳትና በጃፓን የአንጎል ብግነት ላይ ተመራመሩ። ሰላም ሲወርድ ወደ ሲንሲናቲና ወደ ፖሊዮ ተመለሱ።

በ1949 ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች ቫይረሱን ከነርቭ ውጭ ባሉ ሕዋሳት በብልቃጥ ማሳደግ እንደሚቻል አሳዩ፤ ለዚህም በ1954 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የፖሊዮ ቫይረስ ሦስት ዓይነት መሆኑም በዚያው ሰሞን ተረጋገጠ። ለክትባት መንገዱ ተከፈተ። ዶክተር ጆናስ ሳልክ ቫይረሱን በኬሚካል ገድለው በመርፌ የሚሰጥ ክትባት ሠሩ፤ ውጤታማነቱም በ1955 ሲነገር አሜሪካውያን አደባባይ ወጥተው ተደሰቱ።

ዶክተር ሳቢን ግን በሌላ መንገድ ሄዱ። የተገደለው ቫይረስ በደም ውስጥ መከላከያ ይፈጥራል፤ የተከተበውንም ሕፃን ከመስለል ያድነዋል። ነገር ግን ቫይረሱ በዚያው ሕፃን አንጀት ውስጥ ተራብቶ ወደ ጎረቤት ልጅ እንዳይተላለፍ የማድረግ አቅሙ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ቫይረሱን ሳይገድሉ ማዳከም አሰቡ። በዝንጀሮ ሕዋሳት ውስጥ ደጋግመው እያሳደጉ፣ በአንጀት የሚራባውን ነገር ግን ነርቭን የማይጎዳውን ለይተው መረጡ። በሺዎች በሚቆጠሩ ዝንጀሮዎች ላይ ሞከሩት። ከዚያም እሳቸው ራሳቸው ወሰዱት፤ ለባለቤታቸውና ለሁለት ትናንሽ ሴት ልጆቻቸው ሰጡ፤ ፈቃደኛ የሆኑ እስረኞችም ተጨመሩ። በሕያው ቫይረስ የሞከሩ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው አልነበሩም፤ ሂላሪ ኮፕሮውስኪ የተባሉ ሌላ የፖላንድ ተወላጅ በ1950 ቀድመዋቸዋል። ዓለም በመጨረሻ የመረጠው ግን የሳቢንን ዝርያዎች ነው።

በቀዝቃዛው ጦርነት መሃል

እዚህ ላይ ትልቅ እንቅፋት ገጠማቸው። አዲስ ክትባት መሥራቱን ለማረጋገጥ ያልተከተቡ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ያስፈልጋሉ። በአሜሪካ ደግሞ ሕፃናቱ የሳልክን መርፌ ወስደዋል። ሰፊውን ሙከራ የት ያድርጉት?

በዚያው ወቅት በሶቪየት ኅብረት ፖሊዮ እየተስፋፋ ነበር። በ1956 መጀመሪያ ሚካኤል ቹማኮቭ፣ ባለቤታቸው ማሪና ቮሮሺሎቫና አናቶሊ ስሞሮዲንትሴቭ የተባሉ የሶቪየት የቫይረስ ተመራማሪዎች የአሜሪካኖቹን ሥራ ለማየት መጡ። ጊዜው ሁለቱ ኃያላን አንዱ ሌላውን በኑክሌር መሣሪያ የሚያስፈራሩበት ነበር። ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው አገር ለመሻገር የፀጥታ ሰዎችን ጥያቄ መመለስና ከመንግሥት ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። ዶክተር ሳቢን ፈቃዱን አግኝተው በዚያው ዓመት ወደ ሌኒንግራድና ሞስኮ ተጓዙ። በኋላም የዝርያዎቻቸውን ናሙና ለሶቪየት ባልደረቦቻቸው ሰጡ።

ስለ ቹማኮቭ አንድ ነገር ልንገርዎ። በ1937 በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ በመዥገር የሚተላለፍ የአንጎል ብግነት ሲያጠኑ በሽታው ይዟቸው ቀኝ እጃቸው ሰልሎ፣ ጆሯቸውም ተጎድቶ ቀርቷል። የመስለልን ትርጉም ከመጽሐፍ የተማሩ ሰው አልነበሩም። እሳቸውና ባለቤታቸው ጠብታውን አስቀድመው የሰጡት ለገዛ ልጆቻቸው ነው።

በ1959 በሶቪየት ኅብረት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ክትባቱን ወሰዱ፤ ግማሹ በጠብታ፣ ግማሹ ደግሞ በከረሜላ መልክ። በቀጣዩ ዓመት ቁጥሩ በብዙ እጥፍ አደገ፤ የምሥራቅ አውሮፓ አገሮችም ተከተሉ። በምዕራቡ ዓለም ግን ከሶቪየት የመጣ ውጤት ይታመናል ወይ የሚል ጥርጣሬ ነበር። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የዬል ዩኒቨርሲቲዋን ዶክተር ዶሮቲ ሆርስትማንን ላከ። እሳቸውም በቦታው ተገኝተው ሥራው በጥንቃቄ የተሠራና ውጤቱ አስተማማኝ መሆኑን መሰከሩ። የፖለቲካ ወገን ሳይለይ መረጃን ገልጦ ማሳየትና በገለልተኛ ዓይን ማስመርመር ባይኖር ኖሮ፣ ያ ሁሉ ድካም በጥርጣሬ ብቻ መና ይቀር ነበር።

በሚያዝያ 1960 በሲንሲናቲ ልጆች ተሰልፈው ጠብታውን ወሰዱ። ከ1961 እስከ 1962 ባለው ጊዜ ሦስቱም ዓይነት ዝርያዎች በአሜሪካ ተፈቀዱ። ጃፓን ከባድ ወረርሽኝ ገጥሟት ስለነበር በ1961 ከሶቪየት ኅብረትና ከካናዳ 13 ሚሊዮን ጠብታ አስመጣች፤ በሽታውም ወዲያው አሽቆለቆለ። ኩባ ደግሞ በ1962 ሕፃናቷን በአንድ ጊዜ በዘመቻ ከተበች። የዘመቻው ምክንያት ግልጽ ነው፤ በአንድ ሰሞን የሁሉም ሕፃናት አንጀት በክትባቱ ሲያዝ፣ አደገኛው ቫይረስ የሚያርፍበት ያጣል። ዛሬ በርዎን የሚያንኳኩት ክትባት ሰጪዎች የሚከተሉት ይህንኑ ሐሳብ ነው።

ያልተሸጠው ሀብት

ዶክተር ሳቢን በክትባቱ ላይ የባለቤትነት መብት አላስመዘገቡም፤ ከሽያጩም አልተጠቀሙም። በ1972 ዝርያዎቹን ለዓለም ጤና ድርጅት በስጦታ አስረከቡ። በዚህም ምክንያት ጠብታው በርካሽ ዋጋ በብዙ አገሮች ተመርቶ ድሃ አገሮች ድረስ ዘለቀ።

በጠባያቸው ግን ለስላሳ ሰው አልነበሩም። ከዶክተር ሳልክ ጋር የነበራቸው ፉክክር እስከ መጨረሻው አልበረደም። ክርክር ሲገጥማቸው አይመለሱም ነበር። የኖቤል ሽልማትም አላገኙም። በእስራኤል የዋይዝማን የሳይንስ ተቋምን ለአጭር ጊዜ መሩ፤ በ1980 ደግሞ ዕድሜያቸው ከ70 አልፎም ሳለ ወደ ብራዚል ሄደው ስለ ብሔራዊ የክትባት ቀን ምክር ሰጡ። በ1993 በዋሽንግተን ሲያርፉ የ86 ዓመት አዛውንት ነበሩ። የአሜሪካ አህጉር የመጨረሻው የፖሊዮ ሕመምተኛ ከተገኘ ያኔ ሁለት ዓመት አልሞላውም።

ቫይረሱ አይተኛም

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ጠብታው ውስጥ ያለው ቫይረስ የተዳከመ ቢሆንም ሕያው ነው። ሕያው በመሆኑም ይለወጣል። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ከሚሆኑ የመጀመሪያ ጠብታዎች በአንዱ ያህል ክትባቱ ራሱ መስለል ያስከትላል። ዶክተር ሳቢን ይህን አምነው ለመቀበል ለረጅም ጊዜ ከብዷቸው ነበር፤ ማስረጃው ግን እየተጠናከረ ሄደ። እኔም ከእርስዎ ልደብቀው አልፈልግም።

ከዚህ የሚሰፋ ሌላ ጣጣም አለ። ጠብታውን የወሰደ ሕፃን የተዳከመውን ቫይረስ ለሳምንታት በዓይነ ምድሩ ያወጣል። በአካባቢው ያሉት ልጆች የተከተቡ ከሆኑ ቫይረሱ መንገድ ያጣና ይጠፋል። ብዙዎቹ ያልተከተቡ ከሆኑ ግን ካንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ወራት ይቆይና ቀስ በቀስ የቀድሞ ኃይሉን ይመልሳል። በ2000 በዶሚኒካን ሪፐብሊክና በሄይቲ የተነሣው ወረርሽኝ ይህን በግልጽ አሳየ። እንግዲህ የወረርሽኙ ማገዶ የክትባት መብዛት ሳይሆን የክትባት ማነስ ነው። በሚገባ የተከተበ መንደር ውስጥ የተለወጠው ቫይረስም ሆነ የተፈጥሮው አይሰራጭም።

ዓለም ለዚህም በጋራ መላ ፈልጓል። ዓይነት ሁለት የተፈጥሮ ቫይረስ መጥፋቱ በ2015 ስለተረጋገጠ፣ በሚያዝያ 2016 ከ150 በላይ አገሮችና ግዛቶች በአንድ ሰሞን ዓይነት ሁለትን ከመደበኛው ጠብታ አወጡ። ሆኖም የተለወጠው ዓይነት ሁለት በተለይ በአፍሪካ መሰራጨቱን አላቆመም። ስለዚህ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሳይንቲስቶች የዶክተር ሳቢንን ዓይነት ሁለት ዝርያ ወስደው፣ ወደ ቀድሞ ኃይሉ መመለስ እንዲያዳግተው ዘረመሉን አሻሻሉት። በቤልጂየም፣ በፓናማና በባንግላዴሽ ተሞከረ፤ በኢንዶኔዥያ ተመረተ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በኅዳር 2020 ለአስቸኳይ ጊዜ እንዲውል ፈቀደ። አዲሱ ክትባት እንግዲህ የአሮጌው ልጅ ነው። ፍጹም ነው አይባልም፤ የመለወጥ ዕድሉ ግን ከቀድሞው በእጅጉ ያነሰ ነው።

ቁጥሩን ያነጻጽሩ። በ1988 ዓለም ፖሊዮን ለማጥፋት ሲስማማ በየዓመቱ 350 ሺህ ያህል ሰዎች ይሰልሉ ነበር፤ በሽታውም ከ125 በሚበልጡ አገሮች ይገኝ ነበር። በነሐሴ 2020 አፍሪካ ከተፈጥሮው ፖሊዮ ነፃ መሆኗ ታወጀ። የተፈጥሮው ቫይረስ ስርጭቱ ሳይቋረጥ የቀረው በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን ነው። አገራችን በበኩሏ የተፈጥሮውን ፖሊዮ ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው በ2006 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ነው፤ እሱም ከአፍሪካ ቀንድ ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ የገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የተለወጠው ዓይነት ሁለት ቫይረስ በአገራችን ተገኝቷል። የዘመቻ ክትባቱ የሚደጋገመውም ለዚህ ነው። ቫይረስ ፓስፖርት አይጠይቅም፤ በጎረቤት አገር የተነሣው ነገ እኛ ሰፈር ሊገኝ ይችላል።

እርስዎ ምን ያድርጉ?

የዓለም ሳይንቲስቶች ትብብር በመጨረሻ የሚያርፈው በእርስዎ ደጃፍ ላይ ነው። የሚከተሉትን ልብ ይበሉ።

የልጅዎን መደበኛ ክትባት በጊዜው ያስጨርሱ። የፖሊዮ ጠብታ እንደተወለደ፣ ከዚያም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል፤ በ14ኛው ሳምንት የመርፌው ክትባት ይጨመራል። ጠብታው አንጀትን፣ መርፌው ደግሞ ነርቭን ይጠብቃል፤ ሁለቱ ተጋግዘው ይሠራሉ። ቀኑ ካለፈብዎ አፍረው አይቅሩ፤ ካርድዎን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጤና ኬላ ይሂዱ፣ ካለበት ይቀጥሉለታል።

በዘመቻ ጊዜ የዕድሜ ክልሉ የሚመለከተውን ልጅ ሁሉ ያስከትቡ፤ ከዚህ በፊት ቢወስድም ያስከትቡት። ተጨማሪ ጠብታ አይጎዳውም፤ እንዲያውም መከላከያውን ያጠነክርለታል። ቀላል ተቅማጥ ወይም ጉንፋን ክትባት አያስቀርም። ጡት ማጥባትም አያቋርጡ። ልጅዎ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም ሕመም ካለበት ግን ለባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ።

ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከዛለና ከለፈሰፈሰ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ይንገሩ። ቡዳ ነው፣ ወድቆ ነው፣ ይሻለዋል እያሉ ቀናት አያሳልፉ። ዛሉ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በ14 ቀናት ውስጥ ሁለት የዓይነ ምድር ናሙና በአንድ ቀን ልዩነት ተወስዶ በቅዝቃዜ እንደተጠበቀ ወደ ቤተ ሙከራ መድረስ አለበት። ከጊዜው ካለፈ ቫይረሱን ማግኘት ይከብዳል። ናሙናው በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይመረመራል፤ ቤተ ሙከራው በዓለም ዙሪያ ከተዘረጉት ከ140 በላይ የፖሊዮ ቤተ ሙከራዎች አንዱ ነው። ቫይረሱ ከተገኘ ከየት እንደመጣ በዘረመሉ ተለይቶ ለጎረቤት አገሮችም ይነገራል። የእርስዎ የአንድ ቀን ፍጥነት ሌላ አገር ያለ ልጅ እስከማዳን ይደርሳል።

ከመጸዳጃ በኋላና ምግብ ከመንካትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ የሚጠጣ ውኃ ያክሙ ወይም ያፍሉ፤ የሕፃናትን ዓይነ ምድርም በመጸዳጃ ቤት ውስጥ ያስወግዱ። ቫይረሱ የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነውና።

በሚቀጥለው ዘመቻ ክትባት ሰጪዋ የበረዶ ሳጥኗን ይዛ ስትመጣ በሩን ይክፈቱላት። የሚያስጨንቅዎ ነገር ካለ ይጠይቋት፤ መጠየቅ መብትዎ ነው። ከመለሰችልዎ በኋላ ግን ልጅዎን ያቅርቡ። ጠብታው ሁለት ነው፤ ጊዜው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ከጨረሰችም በኋላ የልጅዎን ጣት በቀለም ምልክት አድርጋ ወደ ጎረቤትዎ ትሄዳለች።